ሽንኩርት፦ ከፓሚር ተራሮች እስከ ኡም ራኩባ

በምሥራቃዊ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ኡም ራኩባ የምትባል ስፍራ አለች። በሱዳን ዓረብኛ «ራኩባ» ማለት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ስለሆነ፣ የስፍራዋ ስም በጥሬ ትርጉሙ «የዳስ እናት» እንደ ማለት ነው። አካባቢው ጥቁር አፈር የተነጠፈበት ሰፊ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው እግር ይይዛል፤ በጋ ሲሆን ምድሩ ይሰነጣጠቃል። ማሽላና ሰሊጥ በብዛት ይመረትበታል። በዚህ ቆላ ምድር ወጥ የሚሠራ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅም ይሁን ከኢትዮጵያ የተሰደደ፣ ድስቱን ከጣደ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሽንኩርት ነው።

ለኢትዮጵያዊ ሽንኩርት የወጥ መሠረት ነው። በደቃቁ ይከተፋል፤ በዝግታ ይቁላላል፤ ቁሌቱ ሳይስተካከል በርበሬም ሆነ ቅቤ፣ ሥጋም ሆነ ምስር አይከተልም። ለሱዳናዊም «ሙላሕ» የሚባለው ወጥ የሚጀመረው ሽንኩርት በዘይት በማብሰል ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በቋንቋና በአለባበስ ቢለያዩም በድስታቸው መነሻ አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ በየቀኑ የሚቆረጥ ተክል የኢትዮጵያም የሱዳንም ተወላጅ አይደለም። የቅርብ ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም ሳይዘራቸው የሚበቅሉት ከዚህ እጅግ በራቀ አገር፣ በማዕከላዊ እስያ ተራሮች ላይ ነው። ሽንኩርት ከዚያ ተነሥቶ እዚህ እንዴት እንደ ደረሰ፣ በተራራ የቀሩት ዘመዶቹስ ለዛሬው ገበሬ ምን እንደሚጠቅሙ ቀጥሎ እንመለከታለን።

ፓሚር በታጂኪስታን፣ በአፍጋኒስታንና በቻይና መካከል የሚገኝ የተራራ ሰንሰለት ሲሆን፣ ከጫፎቹ አንዳንዶቹ ከ7,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። የጥንት ቻይናውያን ይህን ሰንሰለት «ጾንግሊንግ» ብለው ይጠሩት ነበር። ትርጉሙም «የሽንኩርት ተራሮች» ማለት ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት ወደ ሕንድ ተጉዞ የተመለሰው ሹዋን ዛንግ የተባለው የቡድሃ መነኩሴ፣ ስሙ የወጣው በተራሮቹ ላይ ሽንኩርት በብዛት ስለሚበቅል እንደ ሆነ በጉዞ መጽሐፉ ገልጿል። ከፓሚር በስተ ሰሜን የቲየን ሻን ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ ራቅ ብሎ በቱርክሜኒስታንና በኢራን ድንበር ላይ የኮፔት ዳግ ተራሮች፣ በስተ ደቡብ ደግሞ የሂንዱ ኩሽና የሂማላያ ተራሮች ይገኛሉ። የሽንኩርት የዱር ዘመዶች አገር ይህ ነው።

የእነዚህ ተራሮች አየር ጠባይ ጨካኝ ነው። ክረምቱ ረጅምና በበረዶ የተሸፈነ ነው። በረዶው ቀልጦ ምድሩ ሲረጥብ የሚመጣው ጸደይ አጭር ነው። ከዚያም ሞቃትና ደረቅ በጋ ይከተላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ተክል የሚያድግበት ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ በደጉ ወራት ያገኘውን ለክፉው ወራት ማስቀመጥ አለበት። ብልህ ገበሬ እህሉን በጎተራ እንደሚያኖር ሁሉ፣ የዱር ሽንኩርትም ምግቡንና ውኃውን ከመሬት በታች በኮረቱ ውስጥ ያከማቻል።

ብዙ ሰዎች የሽንኩርትን ኮረት ሥር ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሥር አይደለም። ሥሩ ከኮረቱ ግርጌ እንደ ጢም የሚወጣው ቀጭን ጭረት ነው። ኮረቱ የቅጠሎች ታችኛው ክፍል አብጦና ተደራርቦ የተሠራ ነው። አንድ ራስ ሽንኩርት ለሁለት ሲከፈል አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሸፈኑ ቀለበቶች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በውጭ በኩል ያሉት ቅጠሎች ደርቀው እንደ ወረቀት የሳሱ ልባሶች ይሆናሉ፤ በውስጥ ያለውንም እርጥበት እንዳይተን ይጠብቃሉ። ኮረቱ ከበሰለ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያንቀላፋል፤ ውኃ ቢያገኝ እንኳ ቶሎ አያቆጠቁጥም።

ሽንኩርት የዓለም ምግብ ለመሆን የበቃው በዚህ ጠባዩ ነው። ጎመን ከተቆረጠ በጥቂት ቀን ይጠወልጋል፤ ቲማቲም ይፈርጣል። በሚገባ የደረቀ ሽንኩርት ግን በጆንያ ተጭኖ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥም ለወራት ይቆያል። ለተራራ በረዶና ድርቅ የተሰጠው መከላከያ ለነጋዴ፣ ለወታደርና ለስደተኛ ስንቅ ሆነ።

ሽንኩርት ሲቆረጥ ዓይን ማስለቀሱም እንዲሁ ከዱር ኑሮው የመነጨ ነው። ምግብ የሞላበት ኮረት በምድር ውስጥ ለሚቆፍር እንስሳና ለተባይ ሁሉ የሚያስጎመጅ ነው። ተክሉ ራሱን የሚከላከለው ከአፈር በሚያገኘው ድኝ አማካይነት ነው። ኮረቱ ሳይነካ ድኝ ያለባቸው ውሁዶችና እነርሱን የሚለውጡት ኤንዛይሞች በየክፍላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ቢላዋ ወይም ጥርስ ሲያርፍበት ግን ክፍሎቹ ይፈርሳሉ፤ ሁለቱም ይገናኛሉ፤ ከእነርሱም ዓይንን የሚያቃጥል ተን ይወጣል። ይህን ተን የሚያስገኘውን ልዩ ኤንዛይም የጃፓን ተመራማሪዎች ለይተው ያስታወቁት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ሽንኩርት በእሳት ሲበስል ኤንዛይሙ ይሞታል፤ የሚያቃጥለው ኃይል ጠፍቶ ጣፋጭነቱ ይወጣል። ቁሌት በዝግታ የሚበስልበት ጥበብ ይህን ለውጥ ፍጹም የሚያደርግ ነው።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የሚገኙበት ወገን በሳይንስ ስሙ «አሊየም» ይባላል። በዚህ ወገን ውስጥ ከ900 በላይ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ የዱር ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራም «አሊየም ስፓታሴየም» የሚባል አንድ የዱር ዝርያ ይበቅላል፤ ነገር ግን ከቀይ ሽንኩርት ጋር ያለው ዝምድና የራቀ ነው። የቀይ ሽንኩርት የሳይንስ ስም «አሊየም ሴፓ» ነው። ስለ እርሱ የሚያስደንቀው ነገር፣ በዓለም ላይ በየትኛውም ስፍራ በዱርነት አለመገኘቱ ነው። የሚታወቀው በሰው እርሻ ውስጥ ብቻ ነው። በባሕርዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው በኮፔት ዳግ አካባቢ በጥቂት ስፍራዎች የሚበቅለው «አሊየም ቫቪሎቪ» ነው። በቲየን ሻን ምዕራባዊ ክፍል ደግሞ በፕስከም ወንዝ ስም የተጠራው የፕስከም ሽንኩርት አለ። የተራራው ነዋሪዎች ይህን ሽንኩርት ከገደል እየቆፈሩ ይበላሉ፤ አንዳንዶቹም በጓሯቸው ተክለውታል። ከሺህ ዓመታት በፊት የመጀመሪያው የሽንኩርት ገበሬ ያደረገውም ከዚህ የራቀ አይመስልም።

ሽንኩርት ከተራራ ወርዶ ወደ ምዕራብ የተጓዘው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1700 ዓመት ገደማ በባቢሎን ምድር በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፉ የወጥ አሠራሮች ሽንኩርትን፣ ባሮንና ነጭ ሽንኩርትን ያዝዛሉ። ግብጻውያን ሽንኩርትን ከመብልነት አልፈው ለቀብር ሥርዓት ይጠቀሙበት ነበር፤ በፈርዖን ራምሴስ 4ኛ አስከሬን የዓይን ጉድጓዶች ውስጥ ሽንኩርት ተገኝቷል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ደግሞ፣ ከግብጽ የወጡት እስራኤላውያን በበረሃ ሳሉ ከናፈቋቸው ምግቦች አንዱ ሽንኩርት እንደ ነበረ ተጽፏል። የስሙም ዝምድና የጉዞውን መንገድ ያመለክታል። በዕብራይስጥ «በጻል»፣ በዓረብኛ «በሰል»፣ በግእዝ «በጸል» ይባላል።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲተከል የኖረው «የሐበሻ ሽንኩርት» የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ራሶች ተጣብቀው የሚያድጉበት፣ ቀለሙ የቀላ፣ ጣዕሙና መዓዛው የበረታ ነው። ገበሬው የሚያራባው ከምርቱ ጥቂቱን ለዘር አስቀርቶ ራሱን ኮረቱን በመትከል ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ የተከለው ሽንኩርት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ፣ ተክሉ ያው የቀድሞው ሆኖ ይኖራል። ለየአገሩ አፈርና ዝናብ የተስማማውም በእንዲህ ዓይነት ረጅም ምርጫ ነው።

ዛሬ በገበያ የሚበዛው ባለ አንድ ራስ ትልቅ ሽንኩርት ግን በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ነው። በዚህ ጊዜ ከየትኛውም አገር የመጣ ዘር ሁሉ አይስማማም ነበር። ሽንኩርት ኮረት መሥራት የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነውና። የሰሜን አውሮፓ ሽንኩርት ኮረት የሚያበጀው የፀሐይ ብርሃን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ሲቆይ ነው። በኡም ራኩባም ሆነ በኢትዮጵያ ረጅሙ ቀን እንኳ ከ13 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለው ዘር በእኛ አገር ቢዘራ ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ራስ አይቋጥርም። ስለዚህ የሚያስፈልገው የአጭር ቀን ሽንኩርት ነበር፤ ይህም በቅርብ፣ በጎረቤት አገር ተገኘ። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በ1980 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች ካቀረባቸው ዝርያዎች አንዱ የሆነው «አዳማ ቀይ» ከሱዳን ከመጣ ዘር የተመረጠ ነው። ጥንካሬውና ቀይ ቀለሙ ተወዶለት በአዋሽ ሸለቆና በመስኖ በሚለማ ሌላም ስፍራ ተስፋፋ።

ሱዳን በሽንኩርት የታወቀች አገር ናት። ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን በምትገኘው በከሰላ፣ ከኤርትራ ደጋ የሚወርደው የጋሽ ወንዝ በሚያጠጣው ምድር ሽንኩርት በብዛት ይመረታል። በሶቪየት ኅብረት እርዳታም በዚያ ከተማ የሽንኩርት ማድረቂያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። በባልትናም ቢሆን ሱዳናውያን ሽንኩርትን ከትፈው በፀሐይ ያደርቃሉ፤ ከዚያም ጠብሰው ወይም ፈጭተው ለሙላሕ ማወፈሪያ ያደርጉታል። የሱዳን ሽንኩርት ለብዙ ዓመታት በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ጎንደርና ከዚያም አልፎ ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሲገባ ቆይቷል።

በዚያው ድንበር ሽንኩርት ወደ ምሥራቅ ሲሻገር፣ ሰው ደግሞ በመከራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተሻግሯል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን ወደ ምሥራቅ ሱዳን በሰደደ ጊዜ፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ሆና ነበር። ከጎንደር አውራጃዎችና ከትግራይ በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት የሰፈሩት በዚህች ስፍራ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ድረስ በተካሄደውና «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ምስጢራዊ ጉዞ ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ በረሃብና በበሽታ ያለቁት ወገኖቻቸው ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። መጠለያው ከጊዜ በኋላ ቢዘጋም፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ እንደ ገና ተከፈተ። ከሁመራ፣ ከማይካድራና ከአካባቢው የተከዜን ወንዝ እየተሻገሩ ከመጡት ስደተኞች ወደ 20,000 የሚጠጉት በኡም ራኩባ ሰፈሩ።

ለስደተኛ የሚሰጠው ቀለብ በልማዱ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። ይህ ነፍስን ያቆያል። ሽንኩርት ግን በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው ከገበያ መግዛት አለበት። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ከተሰፈረለት እህል ቀንሶ መለወጥ ይኖርበታል። ከረሃብ ያመለጠ ሰው ከሚበላው ላይ ቀንሶ ሽንኩርት መግዛቱ ለማያውቀው ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ሰው የሚበላው ሆዱን ለመሙላት ብቻ አይደለም። ምስር በውኃና በጨው ቢቀቀል ምግብ ነው፤ በቁሌት ሲሠራ ግን ወጥ ይሆናል፤ ወጥ ሲሆን ደግሞ ቤት ይሆናል። የኦሪቱ ሕዝብ በበረሃ ሽንኩርት መናፈቁ በዚህ መልክ ሲታይ ትርጉሙ ይገለጣል።

በኡም ራኩባ ድስት ውስጥ ሁለት የዓለም ክፍሎች ይገናኛሉ። ማሽላው የዚያው ምድር ልጅ ነው። ማሽላ በሰው እጅ መልመዱን ከሚያሳዩት እስከ ዛሬ ከተገኙ ማስረጃዎች ቀዳሚው፣ ከገዳሪፍ በማይርቀው በኻሽም ኤል ጊርባ አካባቢ በተገኙ ከ5,000 ዓመታት ገደማ በፊት በተሠሩ ሸክላዎች ላይ የታተመ የማሽላ ቅርፊት ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ ከእስያ ተራሮች የመጣ እንግዳ ነው። አንዱ ሕዝብ ማሽላን አላመደ፤ ሌላው ሽንኩርትን አላመደ፤ ዛሬ ሁለቱን በአንድ ገበታ የሚበላ ሰው ስማቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ጥንታውያን ገበሬዎች ባለ ዕዳ ነው።

ይህን ዕዳ አስቀድሞ ከተገነዘቡት ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። ቀደም ሲል የተጠቀሰው «አሊየም ቫቪሎቪ» ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ቫቪሎቭ በ1916 እ.ኤ.አ. በፓሚር፣ በ1924 እ.ኤ.አ. በአፍጋኒስታን ተጓዘ። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ በበቅሎ እየተጓዘም የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ። ከጉዞዎቹ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ሰው የሚመገባቸው ዕፀዋት በዓለም ሁሉ ተበታትነው የተገኙ ሳይሆኑ በጥቂት ስፍራዎች እንደ ተወለዱ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ተራራማ አገሮች እንደ ሆኑ ነው። ማዕከላዊ እስያን ከሽንኩርት ማኅፀኖች ቆጠራት፤ ኢትዮጵያንም ከታላላቆቹ የእህል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ ለዓለም አስታወቀ።

የዱር ሽንኩርት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ከቅርብ ዘመን እናገኛለን። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲኖር የሽንኩርትን ቅጠል በግራጫ ሻጋታ ሸፍኖ የሚያጠፋ በሽታ አለ። ተመራማሪዎች በእርሻ ከሚዘሩት የሽንኩርት ዓይነቶች ውስጥ ይህን በሽታ ሙሉ በሙሉ የሚቋቋም አላገኙም። ያገኙት ከአፍጋኒስታን እስከ ምዕራብ ሂማላያ ባሉ ተራሮች በሚበቅለው «አሊየም ሮይሌይ» በተባለው የዱር ሽንኩርት ውስጥ ነው። ተክሉ ሲታይ ቀጭንና ትንሽ ነው፤ ለወጥ የሚሆን ኮረትም የለውም። ሆኖም ከእርሻ ሽንኩርት ጋር መዳቀል ይችላል።

በኔዘርላንድ ይህን ባሕርይ ወደ እርሻ ሽንኩርት ለማዛወር የተደረገው ሥራ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። በሽታን ከሚከላከለው ባሕርይ አጠገብ ተክሉን የሚገድል ሌላ ባሕርይ ተጣብቆ ተገኘ፤ መልካሙን ከክፉው ለመለየት ብዙ ትውልድ ማዳቀልና ብዙ ሺህ ተክል መመርመር አስፈለገ። በመጨረሻ ሥራው መሳካቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ተገለጠ፤ ከዚያም ያለ መድኃኒት ርጭት በሽታውን የሚቋቋሙ ሽንኩርቶች ለገበሬዎች ቀረቡ። በሂማላያ ተዳፋት ላይ ፍየል ሲረግጠው የኖረ ተክል፣ የሌላ ክፍለ ዓለም ገበሬን ማሳ አዳነ። ያ የዱር ሽንኩርት ከመመርመሩ በፊት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ ባልተገኘ ነበር።

የዱር ዘመዶቹ ግን ደኅና አይደሉም። የፕስከም ሽንኩርት ያለ ልክ እየተቆፈረ በመመናመኑ በኡዝቤኪስታን ሊጠፉ ከተቃረቡ ዕፀዋት መዝገብ ገብቷል። አሊየም ቫቪሎቪም የሚገኘው በጠባብ ስፍራ ብቻ ስለሆነ፣ የከብት ግጦሽና የእርሻ መስፋፋት ያሰጋዋል። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር በሐበሻ ሽንኩርት ላይ ይታያል። አንድ ሄክታር በትልቁ ሽንኩርት ለመሸፈን ጥቂት ኪሎ ግራም ዘር ይበቃል። በሐበሻ ሽንኩርት ለመሸፈን ግን ከ10 ኩንታል በላይ ኮረት ያስፈልጋል። ትልቁ ሽንኩርት ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ለመላጥም አያስቸግርም። ስለዚህ ገበሬው ወደ እርሱ ማዘንበሉ አያስወቅሰውም። ነገር ግን የሐበሻ ሽንኩርት የሚኖረው በየዓመቱ ሲተከል ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ዓመት ኮረቱን በልቶ ከጨረሰ፣ ከአያት የወረደው ዘር በዚያው ያበቃል።

በሩቅ አገር ዘር ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋ ገበያው ራሱ አሳይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የድንበሩ ንግድ ታወከ፤ የሱዳን ሽንኩርት የለመደው ገበያም ችግር ገጠመው። መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ መርከብ ሊዘገይ ይችላል። በጓሮ ያለ ዘር ግን ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ዘርን መጠበቅ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የቫቪሎቭ ታሪክ ይመሰክራል። ቫቪሎቭ በስታሊን ዘመን በግፍ ታስሮ በ1943 እ.ኤ.አ. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሞተ። ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ተከማችቶ ሳለ፣ ከተማይቱ ከ1941 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጦር ተከበበች። የዘር ማከማቻው ሠራተኞች በስንዴ፣ በሩዝና በለውዝ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው፣ ዘሩን ለመጪው ትውልድ ሲሉ ሳይነኩ አንዳንዶቹ በረሃብ ሞቱ።

በኢትዮጵያም በ1976 እ.ኤ.አ. የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚል ስም ይሠራል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም የሐበሻ ሽንኩርትን በማሻሻል «ሁሩታ» የመሳሰሉ ዝርያዎችን አበርክቷል። ይሁን እንጂ ማከማቻ ብቻውን አይበቃም። እንደ ስንዴ ያለ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ለዘመናት ይቀመጣል፤ በኮረት የሚራባ ሽንኩርት ግን ካልተተከለ ይበሰብሳል። እውነተኛ ጎተራው የገበሬው ጓሮ ነው። በተራራው ላይ የቀረው የዱር ሽንኩርትና በጓሮ የቀረው የሐበሻ ሽንኩርት ዋጋቸው በገበያ ሚዛን አይታወቅም። የሚታወቀው ሌላው ሽንኩርት በበሽታ ወይም በመንገድ መዘጋት ምክንያት በታጣ ቀን ነው፤ ያን ቀን የሚፈልጋቸው ሰው የሚያገኛቸው፣ ዛሬ የሚተክላቸው ካለ ብቻ ነው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. የጥንት ቻይናውያን የፓሚርን ተራሮች «የሽንኩርት ተራሮች» ያሏቸው ለምንድን ነው?
2. የሽንኩርት ኮረት ሥር አለመሆኑ እንዴት ይታወቃል?
3. የሰሜን አውሮፓ ሽንኩርት በኢትዮጵያ ቢዘራ ራስ የማይቋጥረው በምን ምክንያት ነው?
4. ስደተኛ ከቀለቡ ቀንሶ ሽንኩርት የሚገዛበትን ምክንያት ምንባቡ እንዴት ያስረዳል? እናንተስ ትስማማላችሁን?
5. «አሊየም ሮይሌይ» ለወጥ የማይሆን ሆኖ ሳለ ለገበሬ የጠቀመው እንዴት ነው?
6. የሐበሻ ሽንኩርት ዘር ከስንዴ ዘር ይልቅ በቀላሉ ሊጠፋ የሚችለው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም በዓረፍተ ነገር አግቡ።

ቁሌት፣ ኮረት፣ ጎተራ፣ ልባስ፣ አላመደ፣ ተዳፋት፣ ተመናመነ፣ ቀለብ

ሐ. በአካባቢያችሁ ቀድሞ ይዘራ ወይም ይተከል የነበረ፣ አሁን ግን እየቀነሰ የመጣ አንድ ሰብል መኖሩን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቃችሁ፣ የቀነሰበትን ምክንያት በሁለት አንቀጽ ጻፉ።